ቆዳው ወደ ላይ

ሞቶቡ፣ ኦኪናዋ
ጁን 12 ቀን 2016

ለልጄ ለናሚኤ፣ ኦሳካ ላለሽው

ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬም ጎመኔን ራሴ እተክላለሁ፣ ከአውሎ ነፋስ በኋላ ጣራ ላይ ወጥቼ የተነቀለውን ሸክላ እመልሳለሁ፣ የእግር ጥፍሬን ጎንበስ ብዬ እቆርጣለሁ። ማለዳ ማለዳ በእናትሽ ፎቶ ፊት ትኩስ ሻይ አስቀምጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲያቃጥለው ገና ከባድ ከባዱን ፊደል ተምሬ አልጨረስኩም ነበር፤ ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ቢሄድ እንዳትስቂ። ሸርጣንም ቢሆን ጉድጓዱ ይደርሳል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእናትሽ ሙት ዓመት መጥተሽ፣ ቤቱን ዘግተሽ፣ እኔን ኦሳካ ልትወስጂኝ ቆርጠሻል። «አክስቴ ዮሺኤ ሁሉንም ነግራኛለች» ብለሻል። እኔም የሆነውን ልንገርሽ፣ የዮሺኤን ብቻ ሰምተሽ አትፍረጂ።

እናትሽ በሞተች በአርባ ዘጠነኛው ቀን የመሥዋዕቱን የአሳማ ሥጋ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ውስጥ ደርድሬ እናትሽ ፎቶ ፊት አስቀመጥኩ። አክስትሽ ክዳኑን ብድግ ስታደርገው ዐይኗ ፈጠጠ።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ሠርግ ነው እንዴ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ቆዳው ወደ ላይ ነዋ! ለደስታ ወደ ላይ፣ ለኀዘን ወደ ታች። ይህን የማያውቅ የሞቶቡ ሰው አለ? እህቴ ስለሞተች ደስ ብሎሃል?»

«እህትሽ ቶሚ በሕይወቷ ለማንም ፊቷን ደፍታ አታውቅም። ዛሬ እኔ ልድፋት?»

«አይ! በቃ ጃጅተሃል» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ዘመድ እየሰማ። ከዚያ መብያ እንጨቷን አንስታ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ልትገለብጥ ስትል እጄን ሣጥኑ ላይ ዘረጋሁ። ብትፈልግ እጄን ትውጋ። አልወጋችም።

ሥጋውን ግን ማንም አልጨረሰውም። እንደ ጫማ ሶል ነበር፣ እሱን አልክድም። ቆዳው ግን እንዳለ ነው፤ አልገለብጥም።

ከዚያ ወዲህ ድስቱን አልለቀቅኩትም። ቀማሼ ጎረቤታችን ሽማግሌው ኪያን ነው። አንድም ጥርስ ስለሌለው ከሱ የተሻለ ዳኛ የለም። መጀመሪያ ያቀረብኩለትን አንስቶ አገላብጦ አየና «ሴይቶኩ፣ ይህን ስጠኝ፣ ጀልባዬ መልሕቅ የላትም» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አፉ ውስጥ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ። ታንቆ መስሎኝ ጀርባውን ልመታው ተነሣሁ።

«ተው እንጂ!» አለ፣ «ድድ ይበቃዋል።»

ጥፋቴን ደርሼበታለሁ። የአኩሪ አተሩን ስጎ ከመጀመሪያው እጨምረው ነበር። ሥጋ ጨው ቶሎ ከቀመሰ ያኮርፋል፤ አንዴ ካኮረፈ ደግሞ እንደ አክስትሽ ነው፣ ብትለምኚው አይመለስም። አሁን ከነቆዳው ቀቅዬ ያንን ውኃ እደፋለሁ። ከዚያ ቆራርጬ በአዋሞሪ አረቄና በጥቁር ስኳር፣ ለስላሳ እሳት ላይ እተወዋለሁ። ስጎው የሚገባው በመጨረሻ ነው፣ እሱም በጥቂት በጥቂቱ። እናትሽ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ዐይኔ ሥር ስትሠራው ኖራለች። እኔ ግን የማየው የአረቄውን ጠርሙስ ነበር።

እንግዲህ እንወራረድ። ለሙት ዓመቱ ነይ። ምድጃውን አትንኪ፣ ተቀመጪ። እኔ እሠራለሁ፣ እኔ እደረድራለሁ፣ ቆዳው ወደ ላይ። ዘመዱ ሁሉ ባለበት አንዱን ቁራጭ በመብያ እንጨትሽ ጫን አድርጊው። እምቢ ካለ፣ ልብሴን በጨርቅ ቋጥሬ ተከትዬሽ ኦሳካ እሄዳለሁ፤ እንኳን ክርክር፣ ትንፍሽ አልልም። ለሁለት ከተከፈለ ግን የቤቱን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ፤ አክስትሽም ጃጀ ማለቷን ትተው። ኪያንን ዳኛ አላደርገውም፣ በአረቄ ገዝተኸዋል ትያለሽና።

ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። ያ መስኮት አሁን ሲከፈት አይጮኽም። ይህን ያልኩሽ እንድትቆዪ ብዬ አይደለም።

ባሕሩ ደግ ደጉን ያምጣልሽ። ከፊታችን የሄዱት ሁሉ በመንገድሽ ይቁሙልሽ። ጤናሽን ጠብቂ፣ እዚያ አሁን ዝናብ ነው።

ስለ ዕዳዬም አትጨነቂ። ከሰው ቤት የመጣ ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ አልረሳሁም። ሁሉንም በገዛ እግሬ አደርሳለሁ፣ ማንም እንዳይከፍልልኝ። ለኪያን፣ ዓሣ ያመጣልኝን ጎድጓዳ ሳህን ድድ በሚችለው ሥጋ ሞልቼ። ለዮሺኤ፣ በቀብሩ ሰሞን ሩዝ የላከችበትን ጥቁር ሣጥን፤ ክዳኑን ስትከፍት ቆዳው ቀና ብሎ ይያት። ለእናትሽ አንድ ቁራጭ። ሆስፒታል ራሴ ሠርቼ ይዤላት የሄድኩትን ማኘክ አቅቷት፣ «ጣፋጭ ነው፣ ነገ እጨርሰዋለሁ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ትራሷ ሥር ደብቃው ነበር።

የለሰለሰውን ገና አልከፈልኳትም።

አባትሽ ሴይቶኩ