አብረን የቆጠርናቸው ኮከቦች

ገሜ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ አኩርፌህ ነው። ሟች ይኮረፋል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይኮረፋል።

እናትህ አሁንም እኔው ጋ ናቸው። እህትህ ጫንጮ ልትወስዳቸው መጥታ «ከምራቴ አልለይም» ብለው መለሷት። ሰበታ እንደምታውቃት ናት፤ የሰፈራችንን መንገድ ቆፍረው ትተውታል። ትምህርት ቤቱ በአንተ ቦታ ሌላ የፊዚክስ አስተማሪ ቀጥሯል። እኔም ያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥራት ክፍል ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስፈልግ እውላለሁ።

አንተም የፈለግኸው ይህንኑ ዓይኔን ነበር። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ያን ትልቅ የሰማይ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋና «ነይ እስቲ፣ አንቺ ከኔ የተሻለ ታያለሽ» ትለኛለህ። መጀመሪያ ቀን ጥቁሩን ቦታ እያየሁ «እዚህ ጋ ኮከብ የለም» ስልህ ሳቅህብኝ። «አለ እንጂ፤ አቧራ ጋርዶት ነው» አልከኝ። በኮከቦች መካከል ከጭስ የደቀቀ አቧራ እንዳለ፣ ተሰብስቦ ደመና እንደሚሠራ፣ ከኋላው ያሉትን ኮከቦች ብርሃን እየዋጠና እየበተነ እንደሚያደበዝዝ፣ አዲስ ኮከብም የሚወለደው እዚያው ጨለማ ውስጥ እንደሆነ ነገርከኝ። ፎቶውን በእርሳስ በካሬ በካሬ ከፋፈልከው። በየካሬው ስንት ኮከብ እንደሚታይ ቆጥሮ አቧራ ከሌለበት ሰማይ ጋር ማስተያየት ነበር ሥራችን። ኮከብ ባነሰበት አቧራው ወፍራም ነው። እኔ ቆጥሬ እጽፋለሁ፣ አንተ ታሰላለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁዳችንን እንዲህ አሳለፍን። አራት ደብተር ሞላን።

አንድ እሁድ ሻይ ደፋሁበት። አንዱ ካሬ እንዳለ ተበላሸ። ያን ቀን የተናገርከኝን አልረሳሁም፤ ግን ማታውኑ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። ሌላ ፎቶ እስክናሳትም የካሬውን ቦታ ደብተሩ ላይ ባዶ ተውነው። አላሳተምንም። በሳምንቱ ከዓለም ገና ስትመለስ ያ የጭነት መኪና መጣብህ።

በለቅሶህ ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛህ ዳዊት ነበር። ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። በሦስተኛው ሳምንት መጣና «ሥራውን ከዳር አድርሼ ስሙን አስጠራዋለሁ» ብሎ ደብተሮቹን ለመነኝ። መርቄ ሰጠሁት። እናትህም መረቁት።

ባለፈው ዓመት ቅድስት፣ ያቺ የቡራዩዋ የሥራ ባልደረባህ፣ ከሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አትማ ይዛልኝ መጣች። ስለ ጥቁሩ ደመና ነው። የጸሐፊው ስም አንድ ብቻ፤ ዳዊት። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ሰንጠረዡን አየሁት። የኔ ቁጥሮች ነበሩ፣ በተራቸው። መሀል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ቅድስትን ምን ይላል ብላት «መረጃ ያልተገኘለት» ብላ አነበበችልኝ። ያ ሻይ የደፋሁበት ካሬ ነው፣ ገሜ! የኔን ጥፋት ሳይቀር ነው የወሰደው።

ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሱሉልታ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ሳሎን አስቀምጦኝ «ሐሳቡ ከመጀመሪያም የኔ ነበር፤ ገመቹ ያገዘኝ ነው» አለኝ። «ደብተሮቹስ?» አልኩት። ተነሥቶ አመጣቸውና «እይው፤ ይሄ የእጅ ጽሑፍ የሱ አይደለም። ማን እንደጻፈው ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ደብተሩን ገልብጦ ሽፋኑን አሳየኝ። «ታዲያ ስምሽ የት አለ?»

አየሁት። በአንተ እጅ፣ በደማቅ ቀለም «ገመቹ» ብቻ ይላል። አራቱም ላይ። ዳዊት ሌባ መሆኑን አውቄ ነበር የሄድኩት፤ አንተ እንደረሳኸኝ ግን እዚያ ሌባ ቤት ተቀምጬ ነው ያወቅሁት። አራቱንም ደብተር ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ያለቀስኩት በማንኛችሁ እንደነበር እስካሁን አልለየሁም።

ዳዊት ለሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የጻፈችልኝ ቅድስት ናት። ጠሩኝ፤ ደብተሮቹንና ሻይ የነካውን ፎቶ ይዤ ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ወሰኑ፤ ጽሑፉ እንዲታረም፣ የአንተ ስም እንዲቀድም፣ የዳዊት እንዲከተል። ስለኔ ቅድስት ብትጠይቃቸው «እሳቸው የረዱት ባላቸውን ነው» አሏት። ለኔ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

እናትህ ስምህ ታትሞ ሲያዩ እልል አሉ። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ፓስተሩ ዳዊትን ይቅር በይው ይሉኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ሳይኖር ማንን ይቅር ልበል?

አንተን ግን አልረሳህም። ባልሽ ምን ነበር ሲሉኝ «አስተማሪ» ብዬ ብቻ አላልፍም፤ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ሳቅህንም ንፉግነትህንም። ደብተሮቹን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሠርጋችን ልብስ ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ከማስቀመጤ በፊት ግን እስክሪብቶ አንሥቼ በአራቱም ሽፋን ላይ፣ ከስምህ ጎን፣ በስምህ ልክ አድርጌ የኔን ጻፍኩበት። ቅር ካለህ ቅር ይበልህ።

ያንተው፣
አበባየሁ