የኦስታፕ ማንኪያ

ለልጄ ለኦሪሲያ፣

ፖልታቫ እንዴት ይዞሻል? ሆድሽ ውስጥ ያለውስ፣ መራገጥ ጀመረ? እኛ ደህና ነን፤ ከወንድምሽ ልጅ ከኦስታፕ በቀር። ማክሰኞ ሆዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣበት። ቁንጫ መስሎኝ አንሶላውን ቀቀልኩት። በማግስቱ ውሃ ቋጥሮ ፊቱንም ራሱንም ወረሰው። ለካ ጉድፍ ነው! ለቁስል የሚቀባውን አረንጓዴ መድኃኒት ቀብተነው እንቁራሪት መስሏል። ቅርፊቱን እየላጠ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እህል አልዋጥ ብሎኛል።

ከሱ የባሰችው ግን ጎረቤታችን ሞትሪያ ናት። ልጆቿን እየጎተተች መጥታ፣ «አንዴ ይያዙና ይገላገሉ!» ብላ ኦስታፕ በላሰው ማንኪያ ማርማላታ ታጎርሳቸዋለች።

«አንቺ ሴት፣ አይቀፍሽም?» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ፣ እትዬ ፓራስካ! እሁድ ኦሪሲያ በዚሁ ማንኪያ አብራው ስትበላ አልነበር?»

ማንኪያውን ቀምቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት።

ሐኪሟ መጥታ፣ «ነጠብጣቡ ከመውጣቱ በፊትም ይጋባል። እዚህ ቤት በልጅነቷ ያልያዛት ነፍሰ ጡር አለች?» አለችኝ። «የለችም» አልኳት። አልዋሸሁም፤ አንቺ ሰኞ ሄደሻል።

ሌላ ወሬ የለም። ብቻ ልጆች ሳላችሁ ጉድፍ የያዘው አንቺን ነው ወይስ እህትሽን? ከአባትሽ ጋር ተከራክረን ነው። ከቅንድብ በላይ ጠባሳ ትቶ ነበር። እስቲ መስታወት እዪና ዛሬውኑ በቴሌግራም መልሺልኝ። ጠባሳው ከሌለ ደግሞ ሐኪም ቤት ጎራ በይና የማንኪያውን ነገር አጫውቻቸው፤ እንዲያው ለጨዋታ።

ባልሽን ሳሚልኝ። እንቅልፍ እንቢ ያላት እናትሽ፣
ፓራስካ