የበር ጉርሻ

ጅማ፣ የካቲት 10 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፣ ሰኮሩ።

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? ብርዱ ሳይለቅ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ፤ እግዜሩ ቤትዎም ሆነው ይሰማዎታል። እኔ፣ ክብር ምስጋና ይግባው፣ አለሁ።

ጾሙ ሳይገባ ልጄ ይብላ ብለው በሾፌሩ በለይኩን የላኩት ቅቤ ደርሶኛል። ከቅቤው ጋር ሁለት ጥያቄም ደርሶኛል። ምራቴ በጣም ከሳች አሉኝ፣ ምን ነካት? ልጄስ ስንቁን ደህና አድርጎ ይበላል ወይ? ብለዋል። ከፊተኛው ልጀምር፣ እሱ ይቀለኛል።

የከሳሁት በሐኪም ቤት ትእዛዝ ነው። ባለፈው ግንቦት፣ ዓምደሚካኤል ገና ሳይታሰር፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ጊዜ እሱ ራሱ መዛኝ ሆኖ ከሚሠራበት የቡና መጋዘን ወስዶ የጆንያ ሚዛኑ ላይ አቆመኝ። ሰማንያ አራት ኪሎ ሆንኩ። አንድ ጆንያ ቡና ስልሳ ነውና፣ ሚስቴ አንድ ጆንያ ከነምራቂው ናት እያለ የመጋዘኑን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ተናድጄ ሦስት ቀን ዘጋሁት። እነዚያ ሦስት ቀናት አሁን ይቆጩኛል።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ኩልሱም የደም ግፊት አለብሽ፣ መቀነስ አለብሽ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ምግብ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ካሎሪ ይሉታል። ዳቦ መቶ ሃምሳ ነው፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ አርባ። በቀን ከሺህ ሁለት መቶ እንዳታልፊ፣ የበላሽውንም በደብተር እየጻፍሽ አምጪ አለችኝ። እኔም እንዳለችው አደረግሁ።

በሰኔ እሱን ወሰዱት። ክረምቱን ሙሉ ቁጥሩን ብጠብቅም ኪሎው ንቅንቅ አልል አለ። ኩልሱም ያልጻፍሽው ነገር አለ ወይ ብላ ስታፋጥጠኝ እያፈርኩ ነገርኳት። እርስዎም አንድ ቀን አብረውኝ ሄደው አይተዋል፤ የእስር ቤቱ ዘበኛ ስንቅ ከመቀበሉ በፊት መርዝ እንዳይኖርበት ያመጣችውን ሴት ያስቀምሳል። የእኛው ደግሞ ከላይ ከላዩ አይበቃውም፣ ከሥሩም ጉረሺ ይላል። ሦስት ሳህን ከሆነ ከየሳህኑ ሁለት ሁለት ጉርሻ ነው። እኔ መሐላ እንጂ ምግብ አልመሰለኝም ነበር። ኩልሱም ሳቀች። ወላሂ፣ ሆድ ይሄ የበር ነው፣ ይሄ የቤት ነው ብሎ አይለይም፣ ጻፊው አለችኝ። ከዚያ በኋላ "የበር ጉርሻ" እያልኩ እጽፍ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ወራት ምግብ ብዬ የበላሁት እሱን ብቻ ነበር። ለእሱ ምስሩንም፣ ጎመኑንም፣ አይቡንም ሠርቼ እወስዳለሁ፤ ቤት ስገባ ለራሴ ዳቦ በሻይ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ለት፣ የስሙ ቀን ነው ብዬ ዶሮ ሠርቼ ሄድኩ። ዘበኛው ሳህኑን አልከፈተም። ቅመሺም አላለኝ። የዓምደሚካኤልን ጋቢ አውጥቶ ሰጠኝና ሁለተኛ እንዳትመጪ፣ ተመለሺ አለኝ። ጋቢውን ታቅፌ ተመለስኩ። ዶሮው ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ከሻይ በቀር ምድጃ ላይ የጣድኩት ነገር የለም። ሰባት ዳቦ፣ ሦስት ሻይ፣ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ይሆናል። የተረፈችው ሠላሳ ለክፉ ቀን ትቀመጥ ብዬ እተዋታለሁ። አላለቀስኩም። እንዲህ ላለው ማልቀስም እንደተከለከለ ያውቃሉ። እንባው ራሱ አልመጣም። ስቆጥር እውላለሁ፣ ቀኑ ይመሻል።

ባለፈው ሳምንት ኩልሱም መዘነችኝ። ስልሳ ኪሎ ሆንኩ፣ ልክ አንድ ጆንያ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ጸጉሬን ስትዳስሰው እጇ ላይ ቀረ። ድዴን አየችው፣ ይደማል። ቁጥሩን አንድም ቀን አላለፍኩም አልኳት። ቁጥሩስ ልክ ነው፣ ግን የዳቦና የስኳር ሺህ ሁለት መቶ ከምስርና ከጎመን ሺህ ሁለት መቶ ጋር አንድ አይደለም፤ ኪሎሽን ያወርደዋል፣ አንቺን ግን አያቆምሽም አለችኝ። እኔ የመዛኝ ሚስት ነኝ፣ ስልሳ ኪሎ ስልሳ ኪሎ ነው ብዬ ተሟገትኩ። እሷም የጅማ ልጅ ናትና፣ ስልሳ ኪሎ ገለባና ስልሳ ኪሎ ቡና አንድ ነው? አለችኝ።

ምን ስትበይ እንደከረምሽ ልየው ብላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች። የበር ጉርሻ ከኅዳር አሥራ ሁለት ወዲህ የለም። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ስንቅ መውሰድ ተውሽ እንዴ ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ "ኢና ሊላሂ" አለች። እርስዎ ከሰኮሩ ሙስሊም ጎረቤቶችዎ ጋር ስንት ዘመን ኖረዋል፣ ይህ ቃል መቼ እንደሚባል ያውቁታል።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአፌም በእጄም አልወጣ ያለኝን እሷ ከደብተሬ ላይ አነበበችው። ይቅር ይበሉኝ። ከኅዳር ወዲህ የላኩት ሦስት ጣሳ ቅቤ እንደታሰረ ተቀምጧል።

ሌላ አይላኩ፣ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ጋቢውን አላጠብኩትም፣ ለእርስዎ አቆይቼዋለሁ። ሲመጡ ምስር እሠራለሁ። መጀመሪያ እኔ እቀምስልዎታለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

ለመንገዱ ጉልበት ይስጥዎ። ጸሎትዎ አይለየኝ። እስከ ዛሬ "የልጅዎ ባለቤት" እያልኩ ነበር የምፈርመው።

ልጅዎ