የንጉሡ ዝምታ

ውድ ዴዝመንድ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። የዚያን ዘውዱን ያጣ ንጉሥ ተውኔት ዮርክ ላይ እንደገና ልታዘጋጅ መሆኑን፣ እኔም እንደ ድሮው ጽሑፉን ይዤ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ ልል ከመጋረጃው ጎን እንድቀመጥልህ መፈለግህን ሳነብ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ዐሥራ አንድ ዓመት ካኮረፍከኝ በኋላ! ግን "ያኔ ምን ነክቶሽ ነው?" ብለሃል። ያኔ ንጉሡን የተጫወተልህ ከትበርት በመጋቢት ስለተቀበረ አሁን ልነግርህ እችላለሁ።

ሌሎች አዘጋጆች ያንን ንጉሥ ወይ ሰማዕት ወይ ጅል ያደርጉታል። አንተ ግን ገና በመጀመሪያው ልምምድ፣ "ይሄ ሰውዬ 'ንጉሥ' ካላሉት ማን እንደሆነ አያውቅም" አልክ። ዘውዱን ከማስረከቡ በፊትም ረጅም ዝምታ ጨመርክ።

"ዊኒፍሬድ፣ እዚህ ጋ ትንፍሽ እንዳትይ!" አልከኝ።

ከትበርት ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝምታውን አልቻለበትም። "አንተ ሽማግሌ፣ ዝም ስትል እንኳ ትጮሃለህ!" እያልክ ትቆጣው ነበር። እሱ ደግሞ ሻዩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣና፣ "የኔ እመቤት፣ ይሄ ልጅ ሳይወለድ እኔ መድረክ ላይ ሦስቴ ነግሻለሁ" ይለኛል።

በመክፈቻው ቀን ዘውዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዴዝመንድ፣ ጠፍቶበት ነበር። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ የት እንደቆመም አላወቀም። አንተ ከኋላ ወንበር ሆነህ ያየኸው፣ ስድስት ሳምንት የለመንከው ያ ፊት ትወና አልነበረም። ቃሉን ሹክ አልኩት። ከፊት የተቀመጡት ሰሙ፤ አንዱ ሳቀ፤ ዝምታህም ፈረሰ።

"ንጉሤን ገደልሽብኝ!" ብለህ በሰው ሁሉ ፊት ጮህክብኝ። ከትበርት ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። እውነቱን ብናገር ከዚያ ወዲያ ማንም ሚና አይሰጠውም ነበር። ስለዚህ "ተሳስቼ ነው" አልኩህ። እሱም አራት ዓመት ሠራ፤ አንዴ ጳጳስ፣ አንዴ በር ጠባቂ እየሆነ፣ ሦስት አራት ቃል እየተሰጠው። ደስተኛ ነበር።

ስለ ንጉሡ ልክ ነበርክ። እንዳንተ የገባው ሰው አላየሁም፤ ይህንንም ሳልነግርህ መቆየቴ ይቆጨኛል። ግን ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር እወቅ፦ አዲሱ ተዋናይህም እንደዚያ አድርጎ ካየኝ፣ ዝምታህ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቃሉን እሰጠዋለሁ።

በዚህ ከተስማማህ ልምምድ የሚጀመርበትን ቀን ጻፍልኝ።

አንድም ቀን ያልተቀየመችህ፣
ዊኒፍሬድ