የልጁ ጋቢ

ጎንደር፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ወይዘሮ ጥሩዬ ማመልከቻ ሊያጽፉኝ ከአዘዞ መጡ። የጎረቤታቸው ልጅ አንድ ልጃቸውን ገድሎባቸው፣ የጣልያን ፍርድ ቤት እንዲሰቀል ፈርዶበታል። በአገሩ ልማድ የሟች ወገን ከማረ ገዳይ አይሞትም ነበር። የገዳዩ እናት ድንጋይ ተሸክማ እግራቸው ላይ ስለወደቀች እሳቸው ምረዋል።

«ምሬያለሁ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ጽፌ ለፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ወሰድኩ። «የእናት ምሕረት ፍርድ አይሽርም» ብሎ መለሰልኝ። ነገርኳቸው።

«ሸጋ አድርገህ አልጻፍከው ይሆናል» አሉ። ደግሞም፣ «ምነው? የሞተው የኔ ልጅ አይደል?»

ከነጠላቸው ሥር የሟች ልጃቸውን ጋቢ አወጡ።

«ለዚያ ልጅ አድርስልኝ። እስር ቤቱ ይበርዳል።»

ጋቢው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ደብዳቤውን እንደገና እየጻፍኩት ነው፤ ሸጋ አድርጌ።