ባትሪው እንዳያልቅ

ለእህት ዓለም፣ ለባሌ እህት፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ካልሽ ቀና ማለቱ መከራ ነው? ልጆቹስ? ትልቋን ያ ጉንፋን ለቀቃት? እኔ ከጤናዬ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እሱንም እየለቃቀምኩ ነው። መቼም ለአንቺ ስጽፍ አጠገብሽ ተቀምጬ የማወራ ነው የሚመስለኝ። ፊደሌን ታውቂው የለ፣ ታግሠሽ አንብቢኝ።

በሥራ ባልደረቦቼ በኩል የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ወንድሜ እንዴት ወደቀ፤ ሲወድቅስ አንቺ የት ነበርሽ፤ አሁን ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት ተጋድሞ ሳለ ሚስት ተብለሽ ለምን አትወስጂውም፤ ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከስልክ ባትሪ ነው፤ አትሳቂብኝ።

ያንን ስልክ የሰጠኝ ወንድምሽ ነው፣ የድሮውን ግድግዳ ላይ ከከሰከሰው በኋላ። ሲሰጠኝ፣ ይሄ ስልክ አንድ ቀን ደውዬ ዝግ ቢሆን አንቺን አያድርገኝ አለኝ። የቁጣ ወሬ መሰለኝ። ገበያ ሄጄ ባትሪው አልቆ ስመለስ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ቀበቶውን ፈታ። በቆዳው አይደለም እህት ዓለም፣ ብረት ባለበት በኩል ነው። ጀርባዬ ተልጦ ሸሚዜ ቁስሉ ላይ ደርቆ ስለነበር፣ በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። ለአንቺ፣ ትኩሳት ይዞኝ ነው ቤትሽ ሳልመጣ የቀረሁት ያልኩሽ ያን ሰሞን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ ባትሪ ሆነ። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አብራን የምትተኩሰውን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ፤ ያቺ የማታውቀው ነገር ስለሌለ ሚኒስትሯ የምንላት። ስልኬን ተቀብላ አየችና፣ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ አፕ ከኋላ ከፍተሽ ነው እንዴ የምትዞሪው? ባትሪሽን እየጋጡት እኮ ነው! አለችኝ። ጣቷን ወደ ላይ ሸርተት ሸርተት እያደረገች አንድ በአንድ ዘጋችልኝ። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ እጃችን ከእርጥብ ልብስ ነፃ ሲሆን ስልክ መጥረግ ነው። እኔማ ባሰብኝ። አንድ አንሶላ ባጠፍኩ ቁጥር ፍርፋሪ ከጠረጴዛ ላይ እንደሚያራግፍ ሰው እጠርጋለሁ። መልሼ እከፍታለሁ፣ መልሼ እጠርጋለሁ። ባትሪው ግን ቀዳዳ ባልዲ!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድምሽ ደረጃውን እየደበደበ ወደ ሥራ ቤታችን ወጣ። ስልኬ እጄ ላይ በርቶ እያየው፣ የት ነው የተሰወርሽው? ብሎ ጮኸ። ኧረ ይኸው አለሁ፣ ይኸው ስልኬ፣ ብል ማን ሰምቶኝ። ፀጉሬን በጡጫው ጠቅልሎ ፊቴን ከማድረቂያው ማሽን በር ጋር አላተመው። ደገመው። ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ፎጣ ይሽከረከራል፤ ከመስታወቱ ወዲህ የኔ ደም ይወርዳል። የፊት ጥርሴ የዚያን ቀን ቀረ። ሴቶቹ እንደ እንጨት ደርቀው ቆሙ፤ ማን ይፈርድባቸዋል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጥርሱ አይደለም። እንዴት አወቀ? ስልኩ አልጠፋ፣ እሱ አልደወለ፣ ምን ዓይቶ መጣ?

ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ ባትሪ ቀይርልኝ አልኩት። ያበጠ ከንፈሬን አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ጨዋ ሰው ነው። ፈታቶ አየውና፣ ባትሪሽ ደህና ነው እናቴ፣ አለኝ። ሽበቱ ከኔ የሚብስ ሰው እናቴ ሲለኝ ጊዜ በዚያ ከንፈሬ ሳቅኩ። አፖቹን እኮ በየደቂቃው ነው የምዘጋው ስለው እሱም በተራው ሳቀብኝ። ታዲያ እሱ ምን ሊጠቅምሽ? አለ። እዚያ ተደርድረው የምታዪያቸው አብዛኞቹ ተኝተዋል፣ ስልኩ ራሱ ያስተኛቸዋል። አንቺ ድርግም አድርገሽ መልሰሽ ስትከፍቻቸው ከዜሮ ሲነሱ ነው ኃይል የሚፈጁት፣ ስልኩም የሚንቀራፈፈው። ደርቆ እምቢ ያለሽ ካለ እሱን ዝጊ፣ የቀረውን ተዪው። ባትሪ የሚጨርሰው የስክሪን ብርሃን ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ፍለጋው ነው፣ ደግሞ… ብሎ የትኛው ምን ያህል እንደበላ የሚታይበትን ቦታ ከፍቶ ወደ እኔ አዞረልኝ። ከሁሉም በላይ የማላውቀው አንድ ነገር ተቀምጧል። ይሄኛው አይተኛም እናቴ፣ አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ያለሽበትን ቦታ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ስልክ ይልካል። ሌሎቹን ስትጠርጊ እሱንም አብረሽ ትጠርጊዋለሽ፤ ያን ጊዜ የሚጠብቅሽ ሰው ያጣሻል።

ገባሽ እህት ዓለም? ባትሪ ላተርፍ ብዬ በጠረግኩ ቁጥር ከወንድምሽ ዓይን እሰወር ነበር። በገዛ ጣቴ ነው ለካ ዱላ የምጠራው።

ላውጣልሽ? አለኝ ጠጋኙ። ተወው፣ አልኩት። ካወጣሁት ያው ይመጣል። ይየኝ፣ ምን ቸገረኝ።

ከዚያ ወዲያ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ እንጂ ምንም አልዘጋሁም። ባትሪው እስኪመሽ ይቆየኝ ጀመር። ወንድምሽም፣ አሁን ገና ሰው ሆንሽ፣ አለኝ። የሚመታኝ ለወጥ ጨው ብቻ ሆነ።

አስቢው እንግዲህ። ስልኩ ሥራ ቦታ ከዋለ እኔም ለእሱ ሥራ ቦታ የዋልኩ ነኝ። ልብሶቼን በቆሻሻ አንሶላ ከረጢት እያሾለኩ የሥራ ቤታችን ጓዳ ውስጥ አጠራቀምኩ። ለሴቶቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጠፋ በቆረጥኩበት ቀን ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ሻንጣዬን ለማንሳት ወደ ጓዳ ገባሁ። ሚኒስትሯ፣ ይሞላ ይሆን ወይስ ሶኬቱ ላላ? ብላ አነሳችው። ነግሬያታለሁ፤ እሷ ሰምታለች፣ ጣቷ ግን አልሰማም። እኔን የጠቀመች መስሏት ሸርተት ሸርተት።

ወንድምሽ ለካ ቅርብ ኖሯል። ከጓዳ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። የት አባቷ ሄደች? ይላል። ሚኒስትሯ ምላሷ አያርፍ፣ ኪሴ ውስጥ ናት፣ ፈትሸኝ! አለችው። የጋለውን ካውያ ከማስቀመጫው አንስቶ ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። አጥንቷ ሲሰበር እኔ ጓዳ ድረስ ሰምቻለሁ። ወደቀች፤ እዚያው ወለሉ ላይ ካውያውን ክንዷ ላይ ተጫነው። ሽታውን አልጽፍልሽም። የቀሩት ሴቶች ጩኸት ከማሽኖቹ በላይ ሆነ።

በጓሮ በር መውጣት እችል ነበር። ሻንጣዬን እንደያዝኩ፣ እዚህ ነኝ፣ ብዬ ወጣሁ። እሷን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ወደ ደረጃው አፍ ወደ ኋላዬ ሄድኩ፤ አንገቴን አነቀኝ፣ ተዟዟርን። ወለሉ እርጥብ ነበር። ፖሊስ ሲጠይቀን ሁላችንም ያልነው ይኸንኑ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነበር። ውሸትም የለበትም፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት ወለል መቼ ደርቆ ያውቃል? ደረጃው ብረት ነው፣ ረጅም ነው። ታች ሲደርስ ዝም ብሎ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። ተራመድኩት እንጂ አልረገጥኩትም።

እንግዲህ አልወስደውም፣ እህት ዓለም። ሚኒስትሯ ቀኝ ክንዷ ከእንግዲህ ካውያ አያነሳም፤ እሷን አሁን ገላዋን የማጥባት፣ የማለብሳት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ነው መሸከም የምችለው። የት እንዳለን አትጠይቂኝ።

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሐኪሙም ንግግሩ ይመለሳል ብሏል፣ ብለሽ ልከሽብኛል። ፈጣሪ ይመልስለት፤ ከልቤ ነው። ሲወድቅ የት እንደነበርኩ ንግግሩ የተመለሰለት ቀን እሱን ጠይቂው። ስለ እኔ እጆች የሚነግርሽን ሁሉ እመኚው። ወንድምሽ ብዙ ክፋት አለበት፤ ውሸታም ግን አልነበረም።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ በርሽን የሚመታ ሁሉ በሰላም የመጣ ይሁን።

ከሰማሽውም በኋላ ካልጠላሽኝ፣
እህትሽ