ከእኛ ስለተዋሳችሁት የወተት ማቀዝቀዣ

ይድረስ ለክቡር የሦስትዮሽ የፈጠራ ትስስር አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የምክትሎችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያደርጉት ጉዞ ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ የአዳራሹም ማይክራፎን ድምፅዎን እንዳይነሣዎት ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን እላለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደክሞናል። ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ቀደም ሲል በእጄ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በጽሕፈት ቤትዎ በክብር ተቀምጠው እንደሚገኙ ስለማውቅና ተራቸው ደርሶ እስኪነበቡ ድረስ ዕድሜ ይበቃኛል ብዬ ስለማላምን ነው።

ስሜ አትጠገብ ባስልዮስ ይባላል። አያቴ በወታደርነት ወደዚህ ከተማ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አባቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ፣ እርስዎ በየመድረኩ ደጋግመው እንዳስተዋወቁኝ፣ ኢንዱስትሪ ነኝ። ትስስሩ ሦስት እግር አለው ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ፣ መንግሥትና ኢንዱስትሪ። ዩኒቨርሲቲን ወክለው ብዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ መንግሥትን ወክለው ከዚያም የበዙ ይመጣሉ፤ ኢንዱስትሪን ወክለን የምንመጣው ግን እኔና የወተት ንግድ ሸሪኬ ረቢዓ ነን። እሷም ወተት የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ጥላኝ ስለምትሄድ፣ ከቀትር በኋላ የክልሉ ኢንዱስትሪ እኔ ብቻ ሆኜ እቀመጣለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ። ከከተማው ወጣ ብለው ግመል የሚያረቡ ሴቶች ወተታቸውን ወደ ሱቃችን የሚያመጡት በተራ ነው። ዛሬ አንዷ የሁሉንም ጄሪካን ይዛ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ነገ ሌላዋ ትተካታለች፤ እቤት የቀሩት ወተታቸው በደህና እንደሚሸጥ የሚያምኑት ረቢዓ ቃሏን ስለሰጠቻቸው ነው። በመካከላቸው ሌላ ዋስ የለም። የጠዋቱ ወተት ችግር አልነበረበትም፤ እዚሁ ጅግጅጋ ይሸጣል። ያስቸገረን የማታው ነው፤ ደህና ገበያ የሚያገኘው ድንበር ላይ ባለችው ቶጎጫሌ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚሄደው መኪና ደግሞ የሚነሣው ሲነጋ ስለሆነ፣ በተለይ በጅላል፣ ማለትም በደረቁ ወራት፣ ወተቱ ሆምጥጦ ያድርብናል።

ከሱቃችን ጀርባ ቀናው የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመካኒካል ምህንድስና መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። አንድ ጠዋት ረቢዓ የሆመጠጠ ወተት ስትደፋ አይቶ ምን ነካው ብሎ ጠየቃት። እንግዲህ ትስስሩ ማለት ይኸው ነበር፤ የተፈረመ ስምምነት የለም፣ ያጨበጨበም ሰው የለም። ቀናውና ተማሪዎቹ ከቶጎጫሌ ካመጣነው የማይዝግ ብረት በርሜልና ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር በሶላር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ገጣጠሙልን፤ የመጀመሪያው ሙከራ አልቀዘቀዘም፣ ቀጣዩ አፈሰሰ፣ የኋላ ኋላ ግን ሠራ። የማታው ወተት እንደታለበ ሆኖ ቶጎጫሌ ደረሰ። ረቢዓ በውለታው ለቀናው በየቀኑ ወተት ልትሰጠው ፈልጋ ነበር፤ ሆኖም እሱም እንደኔ ኦርቶዶክስ ነውና የግመል ወተት አይቀምስም፤ ስለዚህ ከጎረቤት የላም ወተት እየገዛች ታመጣለት ጀመር። እኔም ብሆን ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩትን ወተት ቀምሼው አላውቅም፤ በዚህ ከተማ ይህ ማንንም አይገርመውም።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ከነምክንያቱ በዝርዝር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ማቀዝቀዣችንን አገር ስላሳያችሁልን አመሰግናለሁ። ባለሙያዎችዎ ለአንድ ሰሞን ኤግዚቢሽን እንፈልገዋለን ብለው ሲወስዱት ወረቀት አልጠየቅንም፤ መንግሥት የተዋሰውን ይመልሳል ብለን አመንን። ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣው ሽንሌ ሄዶ ተጨብጭቦለታል፣ ደወሌ ድረስ ተጭኖ የልምድ ልውውጥ አድርጓል፣ ሶላሩም ከነዚህ ጉዞዎች በአንዱ እዚያው ቀርቷል። እኛ በጉዞው አልተጋበዝንም። መቼ ይመለሳል ብለን በጠየቅን ጊዜ ማቀዝቀዣው ከአሁን በኋላ የክልሉ ኩራት መሆኑ ተነገረን፤ ኩራትን አምጡ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የማታው ወተት እንደ ድሮው ይሆመጥጥ ነበር። ረቢዓ ተራዋ ደርሶ ለመጣች ሴት ሁሉ በቅርቡ ይመልሱልናል፣ ታገሡኝ ትላለች፤ እነሱም የረቢዓ ቃል ስለሆነ ይታገሣሉ። የእናንተን ቀጠሮ በራሷ ስም ስትከፍል የኖረች እሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣው ለሌላ ተግባርም እንደሚሆን ስላሳያችሁን አመሰግናለሁ። በአንዱ መድረክ ላይ ክዳኑ ሲከፈት አይቼ ነበር፤ የታሸገ ውኃ ሞልቶታል። ለተሳታፊዎች ሲታደል እኔም ደረሰኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ በጣም ይቀዘቅዛል። በሶላሩ ፈንታ ከግድግዳው መብራት ጋር በሽቦ ተያይዞም ቢሆን መሥራቱን ስላየሁ ለቀናው ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ከውኃው ጋር አብሮ አለቀ።

ሦስተኛ፣ ለቀናው ስላደረጋችሁለት ክብር አመሰግናለሁ። ይህ ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያውን ካልመለሳችሁልን ሁለተኛ ልሥራላቸው ነው ያለው። እናንተ ግን እንዲህ ያለ ዐዋቂ ብሎን ሲያጠብቅ መዋል የለበትም ብላችሁ የቴክኒክ ኮሚቴ አባል አደረጋችሁት፤ ቀጥሎም የንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ኮሚቴው ሁለተኛው ከመሠራቱ በፊት የመጀመሪያው መሥራቱ በጥናት ይረጋገጥ ሲል ወሰነ፤ ጥናቱ እንዳይካሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። ቀናው ይህንን ውሳኔ ሊነግረን ሲመጣ ዓይናችንን ለማየት አፍሮ፣ እየተናገረ የሱቁን ሚዛን ያስተካክል ነበር። በመጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ደብረ ማርቆስ ገባ። አሁንም ይደውልልናል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማቀዝቀዣው ነው፣ ከዚያ ነው ስለ ጤናችን። እንደዚህ ዓይነት ሰው በከተማችን በየቀኑ አይገኝም፤ ስለሄደ በጣም አዝኜበታለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ባለፈው መድረክ ላይ የሆነውን ይመለከታል፤ ለመጻፍ የከበደኝም እሱ ነው።

በዚያን ቀን የክብር እንግዳው ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ባለሙያዎችዎ ባዶ ዕቃ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው ብለው አሰቡ፤ በዚህ አልፈርድባቸውም፣ የእንግዳ ክብር እኛም ቤት አለ። ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ሴቶች ተደርድረው የግመል ወተት ሲሸጡ ይውላሉና ሁለት ጄሪካን ገዝቶ መጨመር ይቻል ነበር። ነገር ግን ሶላሩ ስለጠፋ፣ ሽቦውን የሚሰካውም ሰው አበል አልደረሰኝም ብሎ ስለቀረ፣ ወተት ብንጨምር ይበላሻል ብለው ፈሩ። ወተት እንዳይበላሽ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ወተት ይበላሻል ተብሎ ሲፈራ እኔ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። መፍትሔ ግን አላጡም፤ ለአዳራሹ እድሳት ተገዝቶ ከተረፈው ነጭ የግድግዳ ቀለም በውኃ በጥብጠው ሞሉት። ከሩቅ ሲያዩት ወተት ነው፤ ካሜራውም ወተት ነው ብሎ ተቀበለው።

የክብር እንግዳው ቧንቧውን ከፍተው አንድ ብርጭቆ ቀዱና፣ ትሑት ሰው ስለነበሩ፣ እኔ ሳልሆን አምራቿ ትቅመስ ብለው ብርጭቆውን ለእኔ ዘረጉ። እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት የግመል ወተት እንደማልቀምስ በትሕትና ተናገርኩ። በዚያች ቅጽበት ባለሙያዎችዎ ፊት ላይ ያየሁትን እፎይታ ያኔ አልተረዳሁትም። ረቢዓ እንግዳው በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ ከአጠገቤ ተነሥታ ብርጭቆውን ተቀበለች። ወተት በማሽተት ያደገች ሴት ናትና ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት አወቀችው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሻርፗን አስተካክላ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጣች። አዳራሹ ወተት የሚገባበት ሰዓት ደርሶባት ነው ብሎ አጨበጨበላት።

ተከትያት ስወጣ ደጁ ላይ ቆማ አገኘኋት። አባዮ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ ቀለሙ ታጥቦ ይለቅ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እሷ የጠየቀችኝ ይህንን ብቻ ነው፤ እንደ እኔ የተሰደበች አልመሰላትም፣ ሐሳቧ ሁሉ ዕቃው ላይ ነበር። ይለቃል ብዬ ዋሸኋት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ መድረክ በኋላ ያቀረብነው አቤቱታ በዚህ ጊዜ በፍጥነት ምላሽ ማግኘቱን ሳልመሰክር ባልፍ እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ማቀዝቀዣው በጽሕፈት ቤትዎ መኪና ሱቃችን ድረስ መጣልን፤ ቀለሙ እንዲለቅ በቤንዚን ታጥቦ። ረቢዓ በፈላ ውኃ አጠበችው፣ በአመድ ፈተገችው፣ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው በእንጨት ጭስ አጠነችው። የቤንዚኑ ሽታ ከብረቱ አልወጣም። እንደምንም ሽታው ቢቀርለት እንኳ በበርሜሉ መጋጠሚያ ውስጥ የገባውን ቀለም የሚያወጣ ሰው የለንም፤ የሠራው ሰው ደብረ ማርቆስ ነው።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ወተቱን ይጨምርበት ነበር። ረቢዓ አላደረገችውም። ተራዋ ደርሶ ለመጣችው ሴት ዕቃው ተበላሽቷል፣ የማታ ወተት መቀበል አልችልም ብላ እውነቱን ነገረቻት። ሴትዮዋ የሚታመን ነገር አልመሰላትም። መንግሥት የወተት ዕቃ ውስጥ ቀለም ጨመረ ቢሏት ማን ያምናል? እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ሴትዮዋ ሄዳ ለጓደኞቿ ረቢዓ ስንት ጊዜ ይመጣል ይመጣል ስትለን የቆየችው ውሸቷን ነው፣ ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ሰበብ ፈጠረች ብላ ነገረቻቸው። በማግስቱ ተራዋ የነበረችው ሴት አልመጣችም። ከዚያ በኋላም የመጣ የለም።

ረቢዓ ያኔም ሚኒባሱ የሚደርስበት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥታ ቆማ ነበር። እኔ ግቢ አልኳት፣ አልገባችም። ወተቱ ሳይሆን ስሟ ነው የሚያንገበግባት። እናቷም በዚሁ ስም ነው የነገደችው፣ ሴቶቹንም ያወረሰቻት እሷ ናት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ሌላ ማቀዝቀዣም አልለምንም፤ ለመለመን አቅም የለኝም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው፣ ዝቅተኛው ሠራተኛም ቢሆን፣ ከረቢዓ ጋር እስከ ሴቶቹ ሰፈር ሄዶ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ የዘገየነው እኛ ነን፣ ያበላሸነውም እኛ ነን፣ ይህች ሴት አልዋሸችም ብሎ ይንገርልን። መኪና ከሌለ የሚኒባሱን እኛ እንከፍልለታለን። ፎቶ አንሺ አያስፈልግም።

በትስስሩ ጥላ ሥር ሆኜ እንድደክም ስለተሰጠኝ ረጅም ዕድል ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለመጪዎቹ መድረኮች ሁሉ ሙሉ ጤንነት፣ የማያቋርጥ መብራትና የተሟላ ኮረም የምመኝልዎ፣

አትጠገብ ባስልዮስ
የቀድሞ ኢንዱስትሪ፣ ጅግጅጋ

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው መድረክ የላኩልን ጥሪ ደርሶናል፤ ማቀዝቀዣው የአርብቶ አደር ሴቶችን ሕይወት እንዴት እንደለወጠ እንድንመሰክር ጠይቃችሁናል። መምጣት አንችልም። ረቢዓ ቶጎጫሌ ልብስ ልትሸጥ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው፤ ሱቁንም ባነር ለሚያትም ሰው አከራይተነዋል። የመጀመሪያ ሥራው የእናንተ መድረክ ሆኖለት፣ የረቢዓን ፎቶ ከነብርጭቆዋ በትልቁ አሳትማችሁ፣ ከሥሩ «የስኬታችን ምስክር» የሚል አስጽፋችኋል። ቀለሙ እንዲደርቅለት ነገ ደጁ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ወተታቸውን ይዘው ወደ ሌላ ነጋዴ የሚያልፉት በዚያው ደጅ ነው። እባክዎ ክቡር ሆይ፣ የሚልኩት ሰው ከባነሩ ቀድሞ ይድረስ።